የዳሱ ቀዳዳ

ሽፋኑ በሥራ ቋንቋ «የብርሃን መሰብሰቢያ ጣሪያ» ይባላል። የኮምቦልቻ ሰው ግን ከተጣለበት ቀን ጀምሮ «ዳሱ» ነው የሚለው። በመጀመሪያው ሰሞን ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀና እያደረጉ «ለመሆኑ ሰርግ ነው ለቅሶ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር ይባላል። ሰርግም ለቅሶም ያልፋል፣ ዳሱም ይፈርሳል። ይሄኛው ግን አልፈረሰም። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ተነስቶ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ከተማዋን እንደሸፈነ ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ከሥሩ መኖር ከባድ አይደለም። ብርሃኑ ጠዋትም ቀትርም ያው ነው፤ ቀጠን ያለ ሻይ የመሰለ፣ ዓይን የማይወጋ። ልብስ በማራገቢያ ይደርቃል። በርበሬ በምድጃ ደርቆ በከረጢት ይመጣል። ዝናብ ሲጥል ድምፁ ይሰማል፣ ውሃው ግን በቦይ ተመርቶ ቧንቧ ውስጥ ይገባል እንጂ ሰው ራስ ላይ አይወርድም። ኃይሉ የተትረፈረፈ ነው። ትልልቆቹ በወሬ መሃል «ያኔ መብራት ሲሄድ» ብለው ከጀመሩ፣ ልጆቹ «ወዴት?» ብለው ይጠይቃሉ። ከተማዋ ራሷን አብርታ የተረፋትን ለሌላው ትልካለች። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ብቻ ነውር ሆነ፤ ፀሐይ መሬት ላይ እንድትወድቅ መተው። ለእሱም ቃል ወጥቶለታል፤ «ብክነት» ይሉታል።

ሙሄ ይመር የፋብሪካው ዓይን ነው። የሥራ መደቡ ስም ይኸው ነው፤ መታወቂያው ላይ «ዓይን፣ የቀን ፈረቃ» ይላል። ጎረቤቶቹ «ዓይኔ፣ እንዴት አደርክ?» እያሉ ያሾፉበታል፣ እሱም ለምዶት «ደህና ነኝ፣ የዓይኔ ብሌን» እያለ ይመልሳል።

ፋብሪካው የሚያመርተው ዳሱን ነው። ሠራተኛው «ስሱ» ይለዋል። ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ ፕላስቲክ በትልቅ ጥቅል ይገባል፤ ቀለም በሚረጩ አፍንጫዎች ሥር እያለፈ ልባስ በልባስ ላይ ይደረብበታል፤ በምድጃ ይደርቃል፤ የብርሃን መርፌ በጠባብ በጠባቡ ይጭረዋል። መጨረሻ ላይ በሙሄ አናት ያልፋል። የሙሄ ክፍል ጠባብና ጨለማ ናት። ከአናቷ ላይ በከተማው ውስጥ ያለች ብቸኛ ክፍት ቦታ አለች፤ ምክንያቱም ስሱ በመብራት ተፈትኖ አይታመንም፣ በእውነተኛዋ ፀሐይ ነው እንጂ። ስሱ በፀሐይዋና በሙሄ መካከል ይነጉዳል። ደህናው ቡናማ ሆኖ ያልፋል። ልባሱ የሳሳበት ነጥብ ግን እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል፣ ኮከብ የበዛበት ጥቅል ደግሞ ይጣላል።

የሚወስነው ሙሄ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ሁሉንም የምታየው ማሽኗ ናት። ስሟ በወረቀት «የጥራት ረዳት» ነው፤ ሠራተኛው ግን ለድምፅዋ እርጋታ ሲል «እትዬ» ብሏታል። እትዬ ከሰው አብልጣ ታያለች፣ ኃላፊነት ግን አትወስድም። ሕጉ የሰው «አዎ» ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ይለፍ?» ትላለች፣ ሙሄም «ይለፍ» ይላል። የተቀጠረው ለዚያ ነው።

እትዬ አዲስ የመጣች ጊዜ የምትሰማው ቃል ብቻ ነበር። በዚያ ወር መስመሩ በየደቂቃው ይቆማል። የእኛ ሰው አዎ ለማለት አፉን አይከፍትም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋታል፣ አለቀ። እትዬ «ይለፍ?» ትላለች፣ ሰውየው ሳብ ያደርጋል። እትዬ «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» ትላለች፣ ሰውየው አሁንም ሳብ ያደርጋል። ያኔ ወጣት የነበረችው ኢንጂነር ወደርየለሽ ስቃ ስቃ ሲበቃት፣ የሠራተኛውን ሁሉ ትንፋሽ እያሰማች ማሽኗን አስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ «አዎ» ማለት ነው። የፋብሪካው ሰው እስከ ዛሬ ይኮራበታል። የአገሩን ሰው የምታውቅ ማሽን ያለችን እኛ ብቻ ነን ይላል።

ሙሄና ባለቤቱ ዘይነባ ልጅ ያገኙት ብዙ ጠብቀው ነው። ረውዳ ብለው አወጡላት። ስትወለድ ደህና ነበረች። ሦስተኛ ወሯን ስትይዝ ግን ጭንቅላቷን ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ የራስ ቅሏ በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ ይላል፤ እግሯን ሲነኳት ታለቅሳለች። ጤና ጣቢያው በዳሱ ሥር ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የሚሰጠውን የፀሐይ ጠብታ ሰጣት። ሌሎቹ ልጆች ጠብታውን ይልሱታል፣ ረውዳ ትተፋዋለች። በመርፌ ቢሞክሩላት ገላዋ በሽፍታ ነደደ።

ነርሷ ወጣት ናት። ፊቷ ያለውን መመሪያ እያነበበች «ጠብታው የማይስማማት ከሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሙቋት» አለች። የተናገረችው ቆይቶ ገባትና ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ዘይነባ ልጇን በነጠላዋ ሸፈን አደረገች።

«ተራራው ላይ ማሞቂያ ሜዳ አለ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁኑኑ ላስመዝግባት። ተራው ግን... እንግዲህ እስከ ሚያዝያ ሊሄድ ይችላል።»

ወሩ ኅዳር ነበር። የተራራው ተራ እስኪደርሳት ድረስ የልጅቷ አጥንት ምን እንደሚሆን ሙሄም ዘይነባም አልጠየቁም።

«እናቴ እኔን ደጃፍ ላይ በቅቤ አሽታ፣ ጀርባዬን ሰጥታ ነው ያሳደገችኝ» አለች ዘይነባ እቤት ሲገቡ። «ፀሐይ እኮ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም፣ ሙሄ። ወጣ ትላለህ፣ ትሞቃለህ።»

«አብሽሪ» አላት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይን አናቱ ላይ አድርጎ የሚውል ሰው በከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነው፤ ለልጁ ግን ጭላንጭል እንኳ ይዞላት መግባት አይችልም። ወደ ክፍሉ ይዟት እንዳይገባ፣ ደጃፉ ላይ የጫማ አቧራ የሚቆጥር በር ቆሟል። አንገበገበው።

ነገሩ የሆነው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ከአፍንጫዎቹ አንዱ ተደፍኖ ኖሮ፣ ስሱ መሃሉ ላይ ቀለም ያልነካው ባዶ ቦታ ይዞ መጣ። ሙሄ ከማየቱ በፊት ተሰማው። ጭኑ ላይ ያሳረፋቸው እጆቹ በዚያ ጨለማ ውስጥ ድንገት በሩ፣ ሞቁም። የጣቶቹን ፀጉር አንድ በአንድ አየ። እዚህ መዳፍ ላይ ረውዳን ባስተኛት ብሎ አሰበ። እትዬ በዚያችው ቅጽበት፣ በለመደችው ድምፅ፣ «ልባስ የሌለው ቦታ አለ። ይለፍ?» አለች። ሙሄ ደንግጦ ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«አመሰግናለሁ። አልፏል።»

«ኧረ አይለፍ! ቆይ! መልሺው!»

«የተሰጠ ፈቃድ የሚሻረው በተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው። ቀጣዩ ጥቅል፣ ይለፍ?»

የደነገጠ ሰውና የተስማማ ሰው አተነፋፈሳቸው አንድ ነው። በዚያ ሁሉ የኩራት ዓመት ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ሙሄ መስመሩን ለባልደረባው ትቶ ወደ ኢንጂነር ወደርየለሽ ቢሮ ሮጠ። ወደርየለሽ አሁን ጸጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነው የምትውለው። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች።

«ደንግጠህ?»

«ደንግጬ።»

«ወይ ጉድ! በራሴ እጅ!» አለችና መጋዘኑን ጠራች። ጥቅሉ የለም። ሰሞኑን ንፋስ በሾላ ሥር ሰፈር ዳሱን ቀዶት ስለነበር፣ ጠጋኞቹ ገና ከመስመሩ ሳይቀዘቅዝ አፋፍሰው ወስደውታል። ወደርየለሽ ስልኩን አስቀምጣ ጥቂት አሰበች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ነገር ግን ሳይነኳት ነገር የምትነካ ሰው አይደለችም።

«ሂድና ሥራህን ቀጥል» አለችው። «ሲታይ እናያለን።»

ሳምንትም አልቆየ፣ ታየ። የዳሱ ቆጣሪ በሾላ ሥር ብክነት እንዳለ አስታወቀ። ወደርየለሽ ሙሄን አስጠራችው። የፋብሪካው ደንብ ያሳለፈ ሰው ራሱ እንዲደፍን ያዛል።

«ስማኝ ሙሄ፣ እኔም አለሁበት፤ ነግረኸኝ ዝም ብያለሁ» አለች። «ዛሬ ከምሳ በፊት ደፍነኸው ከመጣህ፣ ነገሩ እዚሁ ይቀራል። አይ ካልክ ግን ነገ ቦርዱ ጋ ይደርሳል። ከዓይንነትህ ትነሳለህ፣ የፋብሪካውንም ቤት ትለቃለህ። እኔን አትጠብቅ፣ ላድንህ አልችልም።»

«ልጄ አልተሻላትም፣ ኢንጂነር።»

ወደርየለሽ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ሰምቻለሁ። ተመዝግባለች አይደል?» አለች። ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ሙሄ መጣፊያውንና ሸረሪቷን ይዞ ወጣ። ሸረሪቷ ምሰሶ ለምሰሶ እየወጣች ዳሱን የምትጠግን እግረ ብዙ ማሽን ናት፤ የምትታዘዘው ለእትዬ ነው፣ እትዬም ያለ ሰው አዎ አታንቀሳቅሳትም። የእትዬን ድምፅ የምታሰማዋን ትንሿን ሳጥን ደረቱ ላይ አንጠለጠለ። መንገዱን ሁሉ ለራሱ ሲነግር ሄደ። ቀዳዳ ነው፣ ይደፈናል። ልጄ ተራ አላት። ቤት የሌለው አባት ለልጁ ምን ይጠቅማል?

ሾላ ሥር አሮጌ ሰፈር ነው። ግቢው በር ላይ ሕፃናት ያዘሉ ሴቶች ተሰልፈው አገኘ። መንገድ ለቀቁለት፤ ቱታውን አይተው ደግሞ መልሰው ዘጉት። እየተሸማቀቀ በመካከላቸው አልፎ ገባ።

ፀሐይ መሬት ላይ ወድቃ ነበር። የአንድ አልጋ ስፋት ያላት ቁራጭ፣ ጠርዟ በቢላ የተቆረጠ የመሰለ፣ በሻይማው ብርሃን መሃል ነጭ ሆና። ሰሌን ተነጥፎባታል። ሰሌኑ ላይ ሦስት እናቶች እግራቸውን ዘርግተው፣ ራቁታቸውን የሆኑ ሕፃናት ጉልበታቸው ላይ ደፍተው፣ ጀርባቸውን በቅቤ ያሻሉ። ፀሐይዋ ስትንሸራተት ሴቶቹ ሰሌኑን ጎተት ያደርጋሉ፤ የመሬቱ አቧራ የሰሌኑን የጠዋት ጉዞ ያሳያል። በፀሐይዋ ዳርቻ፣ ሕፃን በማይደርስበት በኩል፣ አንዷ እፍኝ በርበሬ አስጥታለች። ከበርበሬው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሁለት ጉልበታቸውን ብቻ ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ተራውን የምታስከብረው የግቢው ባለቤት እመት ሐዋ ናት። ሙሄን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው።

«ፋብሪካ ነህ?»

«አዎ፣ እመት።»

«ሊደፍን መጣ» አለች ለሴቶቹ። ማንም አልጮኸም። አንደኛዋ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ሽማግሌው ሱሪያቸውን ወደ ታች ለቀቁ፣ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው መልሰው ሰበሰቡ።

«እንዳትቆጡኝ» አለ ሙሄ። «ታዝዤ ነው። ያሳለፍኩትም እኔው ነኝ፣ በስህተት።»

«አንተ ነህ እንዴ? ጀዛከላህ!» አለች እመት ሐዋ። «እኛ እኮ አንድ ደህና ሰው አስቦልን ነው ብለን ስንመርቅህ ነው የከረምነው። ለካ ስተህ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙሄም ሳይወድ ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ።

«በል ድፈን፣ አንተን ምን እናደርግሃለን» አለች እመት ሐዋ። «ብቻ አፈር ስሆን፣ እነዚህ የተዘረጉት ይጨርሱ። ያቺ የዳር ልጅ ዛሬ ገና መጀመሪያዋ ነው። ጠብታው አልያዝ ያላት ናት።»

«ጠብታውን ትተፋለች?» አለ ሙሄ።

«ትተፋለች። በመርፌም ገላዋ እሳት ሆነ። እዚህ ያሉት ሁሉ እንዲያ ያሉት ናቸው። አንተ ልጅ አለህ?»

ሙሄ መልስ ከመስጠቱ በፊት እመት ሐዋ ፊቱን አንብባው ነበር። እጁን ይዛ ወደ ፀሐይዋ አስጠጋችው።

«ስማ፣ ፋብሪካ። እናትየዋ ትምጣ። መድፈኑ የት ይሄድብሃል? ፀሐይዋ ግን ወደ ግድግዳው እየሄደች ነው፣ ማንንም አትጠብቅም።»

ሙሄ ዘይነባን ጠራት። የት እንደምትመጣ ብቻ ነገራት፣ ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ ፀሐይዋ ሳትደርስባት ብታመልጣት ሁለተኛ ሐዘን እንዳይሆንባት ፈራ። እስክትደርስ ድረስ ከሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አለ። ደረቱ ላይ ያለችው እትዬ መጠየቅ ጀመረች።

«ብክነቱ ተገኝቷል። ይደፈን?»

ሙሄ አፉንና አፍንጫውን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘ። ሽማግሌው ገረማቸው።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

በእጁ ቆዩ አላቸው። እትዬ መልስ ስታጣ ዝም አለች፤ ሙሄም እጁን አንስቶ አየር ወደ ውጭ አስወጣ፣ ከዚያ በጥንቃቄ፣ በቀስታ ወደ ውስጥ ሳበ። ከሴቶቹ ሁለቱ በፋብሪካው ሠርተው ያውቃሉና ገባቸው። ለሌሎቹ በጆሮ ነገሯቸው። ግቢው ሁሉ ለእሱ የተጨነቀ ይመስል በዝግታ መተንፈስ ያዘ።

ዘይነባ እየሮጠች ገባች። ፀሐይዋን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገም፤ እመት ሐዋ ረውዳን ከእናቷ ጀርባ አወረደች፣ ጨርቋን ፈታታች፣ ዘይነባን ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አጋደመችላት። ረውዳ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ጨመደደች። ከዚያ አስነጠሳት፣ ደገማት።

«ይማርሽ!» አለ ግቢው በሙሉ።

ዘይነባ ቅቤውን በመዳፏ አሟሙታ የልጇን ጀርባ ማሸት ጀመረች። እጆቿ ሥራውን ያውቁት ነበር፤ ከየት እንደሚያውቁት ለራሷም ገረማት። ረውዳ እግሯ ሲነካ እንደወትሮዋ አለቀሰች፤ ቆይታ ለቅሶዋ ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙም ወደ ዝምታ ሄደ። ሙሄ ቆሞ ያያቸዋል። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ተደስቶ አያውቅም፣ እንደዚያች ቅጽበትም ፈርቶ አያውቅም።

አንድ ቀን እንደማይበቃ ያውቃል። ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ልጁን አሙቆ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ቤቱንም ሥራውንም ይዞ መሄድ ይችል ነበር። ከምሳ በፊት የተባለው ጊዜ እያለቀ ነው። የሸረሪቷ እግሮች ምሰሶው ላይ ተጣብቀው ይጠብቃሉ። በሩ ላይ የተሰለፉት እናቶች እሱን እያዩ ነው፤ የሚለምነው አንድም የለም፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ከበደው።

«የተመደበው ጊዜ ሊያበቃ ነው» አለች እትዬ። «ይደፈን?»

«አይደፈንም» አለ ሙሄ።

«ምክንያት ይግለጹ። ንፋስ? በረዶ? የምሰሶ ብልሽት?»

ሙሄ ሦስቱንም አሰበ። ውሸት መናገር ይችላል፤ ለዛሬ ያድነዋል፣ ነገ ግን ሌላ ሰው ንፋስም በረዶም የሌለበት ቀን መርጦ መጥቶ ይደፍናል። ፀሐይዋን አየ። ዘይነባ በሰሌኑ ላይ፣ ረውዳ በዘይነባ ላይ። እትዬ ባዶ ቦታ ነው ያየችው። ሙሄ ግን የሚታየው ባዶ አልነበረም፤ ተሳፋሪ በበዛበት አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል የሚባለው ነገር አፉ ላይ መጣ።

«ሰው አለው» አለ።

የሽማግሌው ጉልበት ሲንቋቋ ተሰማ።

«‹ሰው አለው› የሚል ምክንያት አልተመዘገበም። አዲስ ምክንያት ይጨመር?»

«ይጨመር» አለ ሙሄ፣ በቃል፣ ጥርት አድርጎ። ሸረሪቷ እግሮቿን አላቅቃ ወረደች።

ወደርየለሽ የተናገረችው አልቀረም። ሙሄ ከዓይንነቱ ተነስቶ ጥቅል ወደሚታሸግበት ክፍል ተዛወረ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይን አናቱ ላይ አድርጎ መዋል ቀረ፤ አሁን ሳጥን ሲያሽግ ነው የሚውለው። የፋብሪካውንም ቤት ለቀቀ። እመት ሐዋ ከግቢዋ አንዲት ክፍል ሰጠቻቸው፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ በሯ ግን ወደ ሰሌኑ የሚያይ። ወደርየለሽ አንድ ቀን ለመጠየቅ መጥታ፣ በር ላይ ቆማ ፀሐይዋን ብዙ አየቻት። እጇን ዘርግታ ጥቂት አሞቀች። ከዚያ ሄደች፤ ሴቶቹ በሕፃናቱ ተጠምደው ነበር።

ቦርዱ በነገሩ ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። አዲሱ ምክንያት እንዲሰረዝ ሁሉም ይፈልጋል። ለመሰረዝ ግን እትዬ «ይሰረዝ?» ስትል አንድ ሰው በስሙ አዎ ማለት አለበት። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን አየ። በሚቀጥለው ስብሰባ እናንሳው ተባለ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በስብሰባው ክፍል ውስጥ አንድም ሰው ትንፋሹን ጮክ አድርጎ እንዳልሳበ ሻይ የምታቀርበው ሴት ተናግራለች።

እትዬ ደግሞ አንዴ የተማረችውን የማትረሳ ናት። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሰፈር ዳሱ ሲቀደድ፣ ሸረሪቷ ምሰሶው ላይ ወጥታ ከመጠገኗ በፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሰው አለው?» ማለት ጀመረች። ክፍት የቀሩትንም በየጊዜው እየተመለሰች ታያለች። ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች፤ መልስ ካጣች ከፋብሪካው ዓይን አዎ ተቀብላ ትደፍነዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ደንግጦ እየሸሸ ብዙ ቀዳዳ ተደፈነ። በኋላ ነገሩ ገባው። አንዲት ልብስ አጣቢ ጸጉሯን እያደረቀች «አዎን፣ አለው!» ብላ ጮኸች። የጋራዥ ሠራተኞች ተራ ገብተው ምሳቸውን በፀሐይ መብላት ለመዱ። የከተማዋ ቆጣሪ ብክነት እየጨመረ መሆኑን ያሳያል፣ ትርፉን ኃይል የምትገዛው ጅቡቲም ቅሬታ አቅርባለች ይባላል። ዳሱ ግን አሁንም አለ፤ ከቀዳዳዎቹ በቀር እንደነበረው ነው።

ረውዳ ክረምቱ ሲወጣ የራስ ቅሏ ጠና። በእግሯ የሄደችው ዘግይታ ነው፣ ስትሄድ ግን እግሯ ቀጥ ያለ ነበር። ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ያቺን ቁራጭ ፀሐይ ትወዳለች። ጠዋት ከግድግዳው በዚህኛው በኩል ጀምራ እስክትጠፋ ድረስ እየተከተለቻት ትውላለች።

አፏን በፈታች ሰሞን በሰፈሩ ሰርግ ነበር። ሾላ ሥር በሙሉ ሰርግ ቤት ከትሟል። ዘይነባ ልጅቷን አስተኝታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ለአፍታ ወጥ ልታወጣ ሄደች። ሙሄ ከፈረቃው ሲመለስ ከመንገዱ ጥግ ሆኖ የሸረሪቷን እግሮች የግቢያቸው ምሰሶ ላይ አየ። የእትዬ ድምፅ መጣ።

«ሰው አለው?»

ሙሄ ሮጠ። «አለው! አለው!» እያለ ሮጠ፤ እትዬ የምትሰማው ግን በግቢው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የሰርጉ ከበሮም ድምፁን ዋጠበት።

«ሰው አለው?»

ግቢው በር ላይ የቆመ የሰርግ መኪና አገደውና በጎን ሊዞር ሲል ተሰናከለ፣ በእጁ ተመርኩዞ ተነሳ። መጣፊያው በሸረሪቷ ጀርባ ላይ ተዘርግቶ አየው። ከእንግዲህ አልደርስም ብሎ ልቡ ወረደ። በሩን ገፍቶ ሲገባ እትዬ ሦስተኛዋን ጠየቀች።

«ሰው አለው?»

ረውዳ ከእንቅልፏ ነቅታ ወጥታ ኖሯል። ሰሌን የሌለው መሬት ላይ፣ ፀሐይዋ መሃል፣ ባዶ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከላይ የሚጠራት ማን እንደሆነ ለማየት ዓይኗን አጨንቁራ ቀና አለች።

«አለሁ» አለች።

«ተቀብያለሁ» አለች እትዬ። ሸረሪቷም መጣፊያዋን ጠቅልላ፣ ከምሰሶው ወርዳ፣ ወደሚቀጥለው ሰፈር ሄደች።